ከዱባይ የሚመጣው ቲቪ ቦክስ የትኛው ይሁን?

ጥያቄው እንዲህ ነው። ጠያቂያችን አዲስ አበባ ይኖራሉ። ቤታቸው ያለው ባለ 43 ኢንች ፉል ኤችዲ ቲቪ ስክሪኑ ደህና ነው፤ ስማርትነቱ ግን አርጅቶ ዩቲዩብ መክፈት ትቷል። ፋይበር ኢንተርኔት ገብቶላቸዋል። መርካቶ አንድ ሱቅ ውስጥ «8ኬ፣ 8 ጂቢ ራም፣ 128 ጂቢ፣ አንድሮይድ 13» የተጻፈበት ቦክስ አይተው፣ ሻጩም «ሁሉም ቻናል ዕድሜ ልክ ነፃ ነው» ብሏቸዋል። በሌላ በኩል እህታቸው በቅርቡ ከዱባይ ትመጣለች። «እዚሁ ልግዛ ወይስ ታምጣልኝ? ካመጣችስ የቱን? እኔ የምፈልገው ቶሎ የማይበላሽ ነው» ይላሉ።

ታምጣልዎ። የሻኦሚ ቲቪ ቦክስ ኤስ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ትውልድ፣ ግሎባል ቨርዥኑ። ለእርስዎ ቲቪ፣ ለእርስዎ ኢንተርኔት የሚስማማው እሱ ነው። ምክንያቱን ግን ዘርዘር አድርጌ እነግርዎታለሁ፤ ዓመት ሳይሞላ ሌላ ሞዴል ስለሚወጣ ስሙን ብቻ መያዝ ብዙ አይጠቅምም።

«ቶሎ የማይበላሽ» ከሚለው እንነሳ። ተበላሸ ተብሎ ወደ እኔ የሚመጣ ቦክስ አብዛኛውን ጊዜ አልተቃጠለም። ሰክተው ሲያበሩት ይበራል፤ መብራቱም ይታያል፣ ሪሞቱም ይሠራል። የሞተው ሶፍትዌሩ ነው። ዩቲዩብ «አፕዴት አድርግ» ይላል፤ አፕዴት ሲያደርጉት ደግሞ «ይህ መሣሪያ አይደግፍም» ይላል። የርስዎ ቲቪም የደረሰበት ይኸው ነው፤ ስክሪኑ ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግል ሲችል ውስጡ ያለውን ሶፍትዌር ፋብሪካው ትቶታል። ስለዚህ ቦክስ ሲገዙ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ጂቢ ነው?» ሳይሆን «ከዛሬ ሦስት ዓመት በኋላ አፕዴት የሚልክለት ማነው?» ነው። ስሙ የሚታወቅ፣ አድራሻ ያለው ፋብሪካ ከሌለው መልሱ «ማንም» ነው።

ሁለት ምሳሌ ልስጥ። የኤንቪዲያ ሺልድ ቲቪ የሚባለው ቦክስ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ነው፤ ያ የመጀመሪያው ሞዴል እ.ኤ.አ. በ2025ም አፕዴት አግኝቷል። አሥር ዓመት! ሌላው ቲቪ ላይ የሚሰካው የጉግል ክሮምካስት ሁለተኛ ትውልድ ነው፤ እሱም የ2015 ምርት ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ውስጡ ያለው የዲጂታል ምስክር ወረቀት ጊዜው አለፈና ዓለም ላይ ያሉት ሁሉ ባንድ ጊዜ ሥራ አቆሙ። ሰው ተናደደ፣ ጉግልም ተወቀሰ፤ ግን በቀናት ውስጥ አፕዴት ተልኮ ዕቃው ተመልሶ ሠራ። ምርቱ ከቆመ በኋላ እንኳ የሚጠይቁት ባለቤት ነበረው። ያው ችግር ስም የሌለው ቦክስ ላይ ቢደርስ ማን ጋ ይደወላል? ሻጩ ጋ? እሱ እኮ በዚያ ጊዜ ሌላ ካርቶን ይዞ ሌላ ሞዴል እየሸጠ ነው።

አሁን ወደዚያ መርካቶ ወዳዩት ቦክስ ልምጣ። ሳላየው እንዲህ ነው ማለት አልችልም ብዬ ልጀምር ነበር፤ ካርቶኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን ራሱ ይናገራል። እንዲህ ተብለው በርካሽ የሚሸጡት ቦክሶች ውስጥ በብዛት የሚገኘው ቺፕ ኦልዊነር ኤች616 ወይም ወንድሙ ኤች618፣ አለዚያም ከሮክቺፕ ርካሾቹ አንዱ ነው። ኤች616 ከ4 ጂቢ በላይ ራም አይሸከምም። ስለዚህ እሱን ቺፕ የያዘ ቦክስ ላይ «8 ጂቢ» ተብሎ ከተጻፈ ቁጥሩ የተጻፈው ፋብሪካ ውስጥ ሳይሆን ማተሚያ ቤት ነው። «8ኬ» የሚለውም እንዲሁ፤ የዚህ ቺፕ ኤችዲኤምአይ መውጫ 2.0 ነው፣ ከ4ኬ በላይ ምስል አያወጣም። የእርስዎ ቲቪ ደግሞ ፉል ኤችዲ ነው፤ 8ኬ ቢሆንስ ምን ይጨምርልዎታል?

«ሴቲንግ ገብቼ ሳየው 8 ጂቢ ይላል» የሚለኝ ብዙ ሰው ነው። ይላል። ሴቲንግ ላይ የሚታየው ጽሑፍ ሶፍትዌሩን የጫነው ሰው እንደፈለገው የሚቀይረው ነገር ነው። «አንድሮይድ 13» የሚለው ውስጡ 10፣ አንዳንዴም 7 ሆኖ ይገኛል። የሜሞሪውን እውነት ማወቅ ከፈለጉ ከፍላሽ ላይ ትልልቅ ፊልም ይገልብጡበት። 128 ጂቢ የተባለው አሥር ጂቢ ሳይሞላ «ቦታ የለም» ካለ፣ ወይም የገለበጡት ፊልም መልሶ አልከፈት ካለ፣ ነገሩ ግልጽ ነው።

ክዳኑን ሲከፍቱትም የሚታየው ያው ነው። ከታች ያሉትን የጎማ እግሮች ሲነቅሉ ትንንሽ ብሎኖች አሉ፤ እነሱን ፈትተው ክዳኑን ሲያነሱ የክብሪት ሣጥን የማታክል ቀጭን አሉሚኒየም ቺፑ ላይ በማጣበቂያ ተለጥፋ ያገኛሉ። ሙቀቱን ሁሉ እንድትሸከም የተፈረደባት እሷ ናት። ስታነሷት አንዳንዴ የቺፑ ስም በአሸዋ ወረቀት ተፍቆ ታገኙታላችሁ። ከውጭ ቀጥ ብሎ የቆመው አንቴናም ከውስጥ ሽቦ የሌለው ባዶ ፕላስቲክ የሆነበት አለ፤ እውነተኛው አንቴና ቦርዱ ላይ የተበየደች አጭር ሽቦ ናት። ዋይፋዩ ከሳሎን መኝታ ቤት የማይደርሰው ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ማጭበርበር ነው እንጂ አደጋ አይደለም። አደጋው ሌላ ነው፣ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ።

እ.ኤ.አ. በጥር 2023 አንድ የካናዳ የኮምፒውተር ባለሙያ ከአማዞን የገዛውን ቲ95 የሚባል ርካሽ አንድሮይድ ቦክስ ሲመረምር ከፋብሪካው ጀምሮ ቫይረስ ተጭኖበት አገኘ። ቦክሱ ገና ከካርቶን እንደወጣ፣ ማንም ምንም ሳይጭንበት፣ ከማያውቃቸው ሰርቨሮች ጋር ይገናኝ ነበር። ሶፍትዌሩ የተፈረመው ለሙከራ ብቻ በሚያገለግልና ማንም ሰው ሊያገኘው በሚችል ቁልፍ ነበር፤ ከሩቅ ለመግባት የሚያገለግለው በርም ክፍት ተትቷል። ሂዩማን ሴኩሪቲ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት በዚያው ዓመት ጉዳዩን ተከታትሎ «ባድቦክስ» የሚል ስም ሰጠው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ሁለተኛው ዙር ሲጋለጥ የተጠቁት መሣሪያዎች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነበሩ። በሰኔ ወር የአሜሪካው የምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ ለሕዝብ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ በሐምሌ ደግሞ ጉግል ከጀርባው ባሉት ሰዎች ላይ ክስ ሲመሠርት ቁጥሩን ከአሥር ሚሊዮን በላይ አደረሰው። በመካከሉ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024፣ የሩሲያው የጸረ ቫይረስ ድርጅት ዶክተር ዌብ ሌላ ዓይነት ቫይረስ በ197 አገሮች ውስጥ 1.3 ሚሊዮን በሚጠጉ ቦክሶች ላይ አግኝቷል። በብዛት ከተገኘባቸው አገሮች መካከል ሳዑዲ ዓረቢያ አለች፤ ብዙ ወገን ከዚያ ዕቃ ስለሚልክ ነው ስሟን የጠራሁት።

«እኔ ቤት ምን ሊሰርቁ?» ሊሉ ይችላሉ። የሚፈልጉት ኢንተርኔትዎን ነው። ቦክሱ ሌሊት እርስዎ ተኝተው የሌላ አገር ሰው በእርስዎ መስመር በኩል እንዲወጣ መተላለፊያ ይሆናል። ያ ሰው የሐሰት አካውንት ይከፍት ይሆናል፣ የሰው የይለፍ ቃል ሲሞክር ያድር ይሆናል፤ በሌላኛው ጫፍ የሚታየው አድራሻ ግን የእርስዎ ቤት ነው። ማስታወቂያም በድብቅ ይከፍታል፣ ይጫናል፣ ገንዘቡ ለእነሱ ይገባል። በጥቅል ዳታ የሚጠቀም ሰው ከሆነ ደግሞ ቲቪው ጠፍቶ ጥቅሉ ሲያልቅ ያየዋል። ቴሌን ይረግማል፤ በላተኛው ግን ከቲቪው ሥር ተቀምጧል። ከቦክሱ ጋር አንድ ዋይፋይ ላይ ያሉት ስልክና ላፕቶፕም ከአደጋው ነፃ አይደሉም፤ ሌባው አጥሩን አልፎ ግቢ ውስጥ ገብቷል።

ኤፍቢአይ ካስቀመጣቸው የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ሁለቱ ሻጩ ከነገረዎት ጋር ቁርጥ አንድ ናቸው። አንደኛው ስሙ የማይታወቅ መሣሪያ መሆኑ፤ ሁለተኛው «ሁሉም የተከፈተ፣ በነፃ የሚያሳይ» ተብሎ መሸጡ ነው። ሲያበሩት ፕሌይ ፕሮቴክት የሚባለውን የጉግል መከላከያ «አጥፋው» ካለዎት ሦስተኛውም ተሟላ ማለት ነው።

ስለ «ዕድሜ ልክ ነፃ ቻናል» አንድ ነገር ልጨምርና ልለፈው። ቻናሎቹ የሚመጡት ቦክሱ ውስጥ ከተጫነ አፕ ነው፤ አፑ ደግሞ ከአንድ ያልታወቀ ሰርቨር ይቀበላል። ሰርቨሩ የፕሪሚየር ሊግን ጨዋታ መብት ሳይኖረው ስለሚያሠራጭ ይዘጋል፣ ስሙን ቀይሮ ይከፈታል፣ እንደገና ይዘጋል። ስለዚህ «ዕድሜ ልክ» የሚባለው የሰርቨሩ ዕድሜ ነው። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ የሀገራችን ሰዎችም «የሐበሻ ቻናል ሁሉ አለው» እየተባለ ውድ ዋጋ የከፈሉበት ቦክስ ውስጡ ያለው ይኸው ነው። የሚገርመው ከእነዚያ ቻናሎች ብዙዎቹ በገዛ ራሳቸው የዩቲዩብ ገጽ በነፃ መገኘታቸው ነው። እርስዎ እዚህ ስላሉ ደግሞ ዲሹን አያውርዱት። የኢትዮሳት ቻናሎች ከ57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ካለው ኤንኤስኤስ-12 ሳተላይት ያለ ኢንተርኔት፣ ያለ ወርሃዊ ክፍያ ይመጣሉ። ዜናና ድራማ በዲሽ፣ ዩቲዩብና ፊልም በቦክስ ቢያደርጉት ዳታም ይተርፋል።

ኔትፍሊክስ ከወሰዱ ወይም ልትወስዱ ካሰባችሁ ሌላ ጉዳይ አለ። ኔትፍሊክስና መሰሎቹ ፊልማቸው እንዳይገለበጥ ዋይድቫይን የሚባል ቁልፍ ይጠቀማሉ። ደረጃው ኤል1 የሆነ መሣሪያ ሙሉ ጥራት ያገኛል፤ ኤል3 የሆነው ግን ብዙውን ጊዜ 480 ፒ ላይ ይታገዳል። ስም የለሾቹ ቦክሶች ባብዛኛው ኤል3 ናቸው፤ ኤል1 ቢኖራቸው እንኳ ኔትፍሊክስ በራሱ ስላላጸደቃቸው ለውጥ የለውም። ሪሞቱ ላይ ያለው ቀዩ የኔትፍሊክስ ቁልፍ አያታልልዎት፤ ቁልፍ ማተም ከባድ አይደለም። በ43 ኢንች ስክሪን ላይ 480 ፒ ሲያዩ የተዋናዩ ፊት እንደ ጭቃ ይሆናል፤ የወር ክፍያው ግን ለሁሉም ያው ነው።

እንዴት ይለያል? ቀላል ነው፣ ሱቅ ውስጥ ቆመው በደቂቃ ማየት ይችላሉ። ቦክሱን ያስከፍቱና ፕሌይ ስቶር ይግቡ። ትክክለኛ አንድሮይድ ቲቪ ወይም ጉግል ቲቪ ከሆነ ስቶሩ ለቲቪ የተሠራ ነው፤ ትልልቅ ሥዕሎች በረድፍ ይቀመጣሉ፣ በሪሞቱ ቀስት እየዘለሉ ይሄዳሉ። የስልክ ፕሌይ ስቶር ተለጥጦ ከመጣና ሪሞቱ የማውስ ቀስት ካወጣ፣ ያ ቦክስ የቲቪ ልብስ የለበሰ የስልክ አንድሮይድ ነው፤ ጉግል አላጸደቀውም። አብሮት «ኤር ማውስ» የሚባል ሪሞት እንዲገዙ ከተመከሩም ምክንያቱ ያው ነው። ሁለተኛ ማረጋገጫ ካስፈለገ ጉግል ያጸደቃቸውን የአንድሮይድ ቲቪ አምራቾች ዝርዝር በድረ ገጹ ላይ አውጥቷል፤ የካርቶኑን ስም እዚያ ይፈልጉት።

እንግዲህ ከታማኞቹ ለእርስዎ የቱ ይሁን።

ሻኦሚን ያልኩበት ምክንያት ዱባይ እንደ ልብ ስለሚገኝ፣ ዋጋው መካከለኛ ስለሆነና ጉግልም ኔትፍሊክስም ያጸደቁት ስለሆነ ነው። ሁለተኛው ትውልድ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ሲሆን አምሎጂክ ኤስ905ኤክስ4 ቺፕ፣ 2 ጂቢ ራምና 8 ጂቢ ሜሞሪ አለው። «ሁለት ጂቢ ብቻ?» እንዳይሉኝ። ቲቪ ላይ አንድ ሰው አንድ ጊዜ የሚከፍተው አንድ አፕ ነው፤ ሐቀኛ ሁለት ጂቢ ከውሸት ስምንት ይሻላል። ቺፑ ዩቲዩብ አሁን የሚጠቀምባቸውን ቪፒ9 እና ኤቪ1 የተባሉ የቪዲዮ መጠቅለያዎች ራሱ ይፈታል፤ ይህን የማይችል ቦክስ ላይ ነው ድምፁ ቀድሞ ምስሉ የሚንቀረፈፈው። የሁለተኛው ትውልድ ድክመት ሜሞሪው ነው። ከ8 ጂቢ ግማሽ ያህሉን ሲስተሙ ስለሚይዘው ልጆች ጌም መጫን ከጀመሩ ቶሎ ይሞላና መንቀርፈፍ ይጀምራል። ሦስተኛው ትውልድ፣ የ2025ቱ፣ 32 ጂቢ አለው፤ ቺፑም ፈጣን ነው። የዋጋ ልዩነቱ የሚቻል ከሆነ ያለ ማንገራገር ሦስተኛውን። ሁለተኛው ትውልድ የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ የለውም፤ በዋይፋይ ወይም በዩኤስቢ በሚሰካ ማስተላለፊያ ነው የሚሠራው።

«ግሎባል ቨርዥን» የሚለውን ለእህትዎ ደጋግመው ይንገሯት። ሻኦሚ ለቻይና ገበያ ብቻ የሚሠራቸው ቦክሶች አሉ። መልካቸው አንድ ነው፣ ዋጋቸው ይረክሳል፣ ሜኑው ግን ቻይንኛ ሲሆን ጉግል የሚባል ነገር የለበትም። ዴይራ ገበያ ውስጥ ከመንገድ ዳር ሱቅ ከምትገዛ ከትልልቅ የኤሌክትሮኒክስ መደብሮች ብትገዛ ይሻላል፤ ሻኦሚ ራሱ ፎርጅድ አለው።

በጀቱ ሰፋ ካለ የጉግል ቲቪ ስትሪመር አለ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 በ99.99 ዶላር የወጣ ነው፤ 4 ጂቢ ራም፣ 32 ጂቢ ሜሞሪና የገመድ መሰኪያ አለው። ጎበዝ ዕቃ ነው። ለፉል ኤችዲ ቲቪ ግን ከሻኦሚው የተለየ ምስል አያሳይዎትም። ልዩነቱ ሜኑ ላይ የሚሰማ ቅልጥፍና ነው። አፕል ቲቪ 4ኬ ደግሞ ከሁሉም የረጋው፣ ማስታወቂያ የማያንጋጋው ነው፤ የ2022ቱ ሞዴል ከ129 ዶላር ይጀምራል። ቤተሰቡ አይፎን የሚጠቀም ከሆነ እመክራለሁ፤ ካልሆነ ገንዘቡ ሌላ ቦታ ይሥራ።

ከአሜሪካ የሚያስመጡ ሌሎች አንባቢዎችም ስለሚኖሩ ሁለት ቃል። ዎልማርት የሚሸጠው ኦን የተባለው ቦክስ በጣም ርካሽ ሆኖ ሳለ ጉግል ያጸደቀው እውነተኛ ጉግል ቲቪ ነው፤ ርካሽ ሁሉ መጥፎ አይደለም ለማለት እሱን ነው የምጠቅሰው። ሮኩ የተባለው ቦክስ ግን ኢትዮጵያ እንዳይመጣ። አሜሪካ ውስጥ ጎበዝ ነው፤ አካውንቱም የአፕ መደብሩም ድርጅቱ በሚሠራባቸው አገሮች ልክ የተሰፋ ስለሆነ እዚህ ሲደርስ ጣጣ ነው። የአማዞኑ ፋየር ቲቪ መሃል ላይ ነው። ይሠራል፤ ሆኖም ፕሌይ ስቶር የለውም፣ ሁሉም ነገር በአማዞን መደብር በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 የወጣው ፋየር ቲቪ ስቲክ 4ኬ ሴሌክት ደግሞ አንድሮይድ መሆኑም ቀርቶ ቬጋ በሚባል አዲስ ሲስተም ስለሚሠራ ከውጭ አፕ መጫን አይቻልም። ከአሜሪካ ለሚመጣ ዕቃ ሁሉ አዳፕተሩ ላይ «100-240» የሚል መጻፉን ሳያዩ እዚህ ሶኬት ላይ አይስኩ፤ 120 ብቻ ካለ በጭስ ይቀበልዎታል። ከዱባይ ለሚመጣው ይህ ስጋት የለም፤ ቮልቴጁ አንድ ዓይነት ነው። የሚለየው መሰኪያው ነው፤ የነሱ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስለሆነ መቀየሪያ ያስፈልግዎታል።

ኢንተርኔቱን በተመለከተ፦ ኔትፍሊክስ ራሱ የሚመክረው ለ720 ፒ 3 ሜጋ ቢት፣ ለፉል ኤችዲ 5፣ ለ4ኬ 15 በሰከንድ ነው። ስለዚህ 5 ሜጋ ቢት ሳይወርድ የሚቆይ መስመር ለእርስዎ ቲቪ ይበቃል። «ሳይወርድ የሚቆይ» የሚለው ላይ ነው ነገሩ፤ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ይለኩት፣ ከሰዓት በኋላ የሚያዩት ቁጥር አያስደስትዎት። በዳታ ጥቅል የሚያዩ ሰዎች ደግሞ ይህን ያስቡ፦ ኔትፍሊክስ በኤችዲ በሰዓት እስከ 3 ጂቢ ይበላል። በየማታው ለሁለት ሰዓት ያህል ካዩ በወር 180 ጂቢ ሊደርስ ነው። እነሱ ጥራቱን ወደ መደበኛ ቢያወርዱት በሰዓት እስከ 1 ጂቢ ይሆናል።

ዕቃው ከመጣ በኋላ ቦክስን እዚህ አገር የሚገድለው መብራት ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ የመጀመሪያው ቅጽበት ቮልቴጁ ይዘላል፤ የቦክሱ ትንሽ አዳፕተር ያን አይችለውም። ቲቪው ስታቢላይዘር ካለው ቦክሱንም እዚያው ላይ ይስኩ። ከሌለው መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ነቅለው፣ ከመጣ ትንሽ ቆይተው ይመልሱት። ሰው ብዙ ጊዜ አዳፕተሩን ትቶ ቦክሱን ከቲቪው ዩኤስቢ ላይ ይሰካዋል፤ ሽቦ ይቀንሳል ብሎ ነው። የድሮ ቲቪ ዩኤስቢ ግማሽ አምፔር ነው የሚሰጠው። ቦክሱ ሜኑ ላይ ደህና ይሠራና ፊልም ሲጀምር ራሱን ያጠፋል፣ ያበራል። «ተበላሸ» ከተባሉት ስንቶቹ በራሳቸው አዳፕተር ሲሰኩ እንደዳኑ ብነግርዎ ይስቃሉ።

ሌላው ከመብራት ጋር የተያያዘ ነገር ሰዓቱ ነው። አብዛኞቹ ቦክሶች ውስጥ የሰዓት ባትሪ የለም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራውተሩ ገና ሳይነሳ ቦክሱ ቀድሞ ከተነሳ ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ያኔ ዋይፋዩ ተገናኝቷል እያለ ዩቲዩብ ግን «ኢንተርኔት የለም» ይላል። የደኅንነት ምስክር ወረቀቶቹ በዚያ ቀን ገና አልተጻፉምና። ፋብሪካ ሪሴት አያስፈልገውም። ራውተሩ እስኪነሳ ጠብቀው ቦክሱን አንዴ ቢያጠፉትና ቢያበሩት ቀኑን ራሱ ያስተካክላል።

ራውተሩ ሁለት ዋይፋይ ካሳየዎት 5 ጊጋ ኸርዙን ይምረጡ፤ በራውተሩና በቦክሱ መካከል ከአንድ በላይ የብሎኬት ግድግዳ ካለ ግን 2.4 የተሻለ ይደርሳል። ቦክሱን ከቲቪው ጀርባ ግድግዳው ጋር አይጨፍልቁት፣ ሙቀት ይወጣበት። የኤችዲኤምአይ ማከፋፈያ በመሃል አያስገቡ፤ ርካሾቹ የቅጂ መከላከያውን ስለማያስተላልፉ ዩቲዩብ እየሠራ ኔትፍሊክስ ጥቁር ስክሪን ይሆንብዎታል፣ ጥፋቱም በቦክሱ ይላከካል።

ያን ዓይነት ስም የለሽ ቦክስ ቀድሞውኑ ቤቱ ያለው አንባቢ ፋብሪካ ሪሴት አድርጎ እንዳይረጋጋ። ቫይረሱ የተቀመጠው ሪሴት በማይነካው የሲስተሙ ክፍል ውስጥ ስለሆነ አብሮ ይነሳል። ከዋይፋዩ ያውጡት፣ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ይቀይሩ፣ በቦክሱ ላይ የገባችሁበትን የጂሜይል የይለፍ ቃልም ከስልክ ላይ ይቀይሩ። ፍላሽ እየሰካ ፊልም ለማየት ከኢንተርኔት ውጭ ሊያገለግል ይችላል።

ለእህትዎ የምትነግሯት የመጨረሻው ነገር፦ ገዝታ እንደታሸገ ሻንጣ ውስጥ እንዳታስገባው። የሱቁ ዋስትና ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው እዚያው ነው፤ ስለዚህ ያረፈችበት ቤት ቲቪ ላይ ሰክታ፣ በራሷ ጂሜይል ገብታ፣ ፕሌይ ስቶሩ የቲቪ መሆኑን፣ ሪሞቱ በድምፅ መሥራቱንና ኔትፍሊክስ መከፈቱን ትይ። ከዚያ ፋብሪካ ሪሴት አድርጋ አካውንቷን አጥፍታ ታምጣው፤ እዚህ ሲደርስ በእርስዎ ጂሜይል እንደ አዲስ ይከፈታል። ደረሰኙንም ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትላክልዎ።